ሽንኩርቱ ጧ ሲል

ያን ሰሞን ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ መጥረጊያ ሳስር እውልና ክፍሌ ስገባ፣ ምድጃው ከጥግ ሆኖ እንደ ክፉ ውሻ የሚያየኝ ይመስለኛል። እኔ አላየውም፤ እሱ ግን ያየኛል። እንፋሎት የእጄን አንጓ ከላጠው ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አላበራሁትም። ራቴ ደረቅ ዳቦ በውሃ ነው፤ እሱንም አልጋ ላይ ተጋድሜ።

ችግሩ፣ በስልክ ግሩፓችን ውስጥ የተወራልኝ ምግብ አብሳይ እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓይነ ስውሮች ነን። በስልክ የድምፅ መልእክት እየተላላክን የምግብ አሠራር እንለዋወጣለን። ስልከኛዋ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ የምታገናኘዋ፣ ቁም ነገር ታስተምራለች፦ «ድስቱን መጀመሪያ ምድጃው ሳይግል አደላድሉት፣ ከዚያ አብሩ። የጨው ዕቃ ላይ አንድ ላስቲክ፣ የስኳሩ ላይ ሁለት እሰሩ።» እኔ ደግሞ ቀደዳዬን እጨምራለሁ። ስሜም ቀደዳው ነው። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለት ጊዜ የረሳሁ ሰው፣ ከወሬ ሌላ ምን ሙያ አለኝ? ድንች ስጠብስ ጎረቤቴ ሽታውን ብቻ አሽትቶ ሦስት ኪሎ ጨመረ ብላቸው፣ አንዷ እውነት መስሏት መስኮቷን ዘግታ መጥበስ ጀመረች።

«ቀደዳው፣ ዛሬ ምን ጣድክ?» ሲሉኝ፣ ዳቦዬን እያኘክሁ ፌስታል ከስልኩ አጠገብ አሻሻለሁ። ቸስስስ! ልክ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት። «ሩዝ በሽንኩርት ነው፣ ስሙት!» እላለሁ። እነሱ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንድ ቀን ታዲያ ሰለቸኝና መጨረሻው ላይ በከንፈሬ «ጧ!» አደረግኩ። «ሰማችሁ? ሽንኩርት ሲበስል አንዴ ጧ ይላል። ምስጋናው ነው። ከዚያ በፊት እንዳታወጡት።»

ሁሉም ሳቁ። አንድ ሰው ግን አልሳቀም።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ከጠፋ ገና ዓመቱ ነው። ታላቅ እህቱ፣ «ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ፤ ራስህ ሠርተህ አብላኝ። ካቃተህ ቤትህን ትለቅና እኔ ጋ ትገባለህ» ብላዋለች። ቤቱ ማለት የስፌት መኪናው፣ መቀሱ፣ ሃያ ዓመት የረገጠው ወለል ነው። ይህን ለሁላችንም ነግሮናል። እኔም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ረሳሁት።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጧ አላለም።»

«ምኑ?»

«ሽንኩርቱ። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት። ጭስ ሸተተኝ፤ ጧ ሳይልማ አላወጣውም ብዬ…» አሳለ። «ድስቱ አረረ፣ መጋረጃው ተለበለበ። እትዬ ደርሳ ነው ያጠፋችው። አሁን የምድጃውን ማዞሪያ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልብሴን እየሰበሰበች ነው።»

ዳቦዬን አስቀመጥኩ። «ጉንፋን የያዘው ሽንኩርት ይሆናል» ልለው ነበር፤ ተውኩት። ዱላዬን አንስቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ በየመሃሉ ቁጭ እያልኩ ወጣሁት።

በሩን እህትየው ከፈተችው።

«ማን ልበል?»

«ሽንኩርቱ ነኝ።»

«ጧ የሚሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ።»

«የሰው ቤት ሲቃጠል ሳቅ ይመጣልዎታል?» አለችኝ።

«አልመጣልኝም፣ እህቴ። ያ ድምፅ ሽንኩርት አይደለም፣ ፌስታል ነው፤ ጧውም የከንፈሬ ነው። እኔ ድስት ከጣድኩ ሁለት ወር ሆነኝ።»

ልብስ ሰፊው ከውስጥ፣ «ፌስታል?» አለ። «ሃያ ጊዜ መልሼ ሰማሁት እኮ፣ ጋሼ! እንደ ፈተና አጠናሁት!»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እህትየው ወንበር ስባ ሰጠችኝ። የቆመ ሽማግሌ መሳደብ ከብዷት ይሆናል። «ይቀመጡና ሳይቀድዱ ይንገሩኝ። ይሄ ልጅ ብቻውን ቢሆን ቤቱን ያቃጥላል፣ አያቃጥልም?»

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ። «በፍጹም!» ማለት አንዲት ቃል ናት። ግን ከመጥረጊያው፣ ከአውቶቡሱና ከደረጃው በኋላ ለውሸት የሚሆን ጉልበት አልተረፈኝም።

«አላውቅም» አልኳት። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አላይም፤ አሁንም ምድጃ ማብራት እፈራለሁ። ስለፈራሁ ነው ዳቦ የምበላው። እሱ ግን እየፈራም አብርቷል። ጥፋቱ የአስተማሪው ነው።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል» አለች ቀስ ብላ። «አራት ልጅ በሁለት ክፍል። የት እንደማስተኛው እንኳ አላውቅም። ተቃጥሎ ሞተ ከምባል ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ አንዴ ልሞክር» አላት ወንድሟ። «አጠገቤ ቁሚ። ከተሳሳትኩ ሻንጣዬን ራሴ እሸከማለሁ።»

ማዞሪያው ከቦርሳዋ ወጣ፤ ቦታው ገብቶም ቀጭ አለ። ሌላ ድስት አደላድሎ አበራ፣ ሽንኩርቱን ጨመረ። እኔ ዝም እንድል ታዝዣለሁ። እውነተኛው ድምፅ ከፌስታሌ ጋር ዝምድናም የለው፤ መጀመሪያ እንደ ዶፍ ይጮኻል፣ ውሃው እያለቀ ሲሄድ ይቀጥናል።

«አረረ! ጭስ እያየሁ ነው፣ አውጣው!»

«እንፋሎት ነው፣ እትዬ። ውሃውን አልጨረሰም። ስሚው።»

«አንተ ልጅ!»

«ገና ነው አልኩሽ።»

ማማሰያው የድስቱን ጠርዝ ሲመታ ይሰማኛል። ግን አላወጣውም። ድምፁ ቀጠነ፣ ሽታው ጣፈጠ፤ በማማሰያው ጫፍ ልስላሴውን ነካክቶ፣ «አሁን» አለና አጠፋው።

እህትየው ቀመሰች። ማንኪያው አንዴ ወደ ድስቱ ወረደ፣ ደግሞ ወረደ።

«ልብሱን ወደ ሳጥኑ ልመልሰው» አለች በመጨረሻ። «መጋረጃውን ግን እወስደዋለሁ። መስኮቱ ራቁቱን ይዋል።»

«እዚህ ቤት ማን አይቶት ሊያፍር» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ልብስ ሰፊው ቢላዋና ሁለት ራስ ሽንኩርት እጄ ላይ አኖረልኝ። «ይክተፉ፣ ጋሼ። ለሦስት ሰው አይበቃም።»

ደክሞኛል ልል ነበር። ያልደከመው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከተፍኩ።