የሰካራሙ አባት

ባለ ሆቴሉ ለአዲሱ የካርታ መጫወቻ ክፍሉ ሌላ ቤት ያለ ዕቃ አልፈልግም አለ። በፖከር ጠረጴዛ ላይ በገንዘብ ፋንታ የሚደረደሩት ክብ ቺፖች የከተማዋን መልክ ይያዙ፣ እንግዳ በእጁ ሲያገላብጣቸው የት እንዳለ ይወቅ ብሎ ማኅተም ቀራጯ ዘንድ መጣ። ሥራውን የሰጣት ስለወደዳት አይደለም፤ ቺፑ የሚታተምበትን ፎርማ ናስ ላይ እንደ እሷ አድርጎ የሚቀርጽ ስላጣ ነው።

እሷም ድልድዩን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ የሲኒማ ቤቱን ደረጃና አሮጌውን የውሃ ቧንቧ ነድፋ አሳየችው፤ ሁሉንም እሰየው አለ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። የመጨረሻው የሰዓት ግንቡ ነው።

ይህ ግንብ ወደ አንድ ጎኑ አዘምሟል። የከተማው ሰው ሰካራሙ ይለዋል፤ ሲቀጣጠርም ሰካራሙ ጋ እንገናኝ ይባባላል። የገነቡት የቀራጯ አባት ናቸውና እሳቸውም የሰካራሙ አባት ሆነው ቀሩ። እሷን በልጅነቷ የሰካራሙ እህት ይሏት ነበር። ልጆች ናቸው ተብሎ እንዳይታለፍ ትልልቆቹም ይሉ ነበር። ሽማግሌው ግንበኛ፣ እኔ ቀጥ አድርጌ አቁሜዋለሁ፣ የከዳኝ መሬቱ ነው፣ መሠረቱ ይጥለቅ ብዬ ስለምን ቁፋሮው ይብቃ ያለው አሠሪው ነው እያሉ ቢናገሩ ማን ይስማቸው። አሠሪው የባለ ሆቴሉ አባት ነበር፤ ባለጸጋ ሲሳሳት ደግሞ ጥፋተኛው ግንበኛ ነው። መናገሩ ሲሰለቻቸው ዝም አሉ፣ በግንቡ በኩል ማለፍም ተዉ። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሄዱት።

ባለ ሆቴሉ ንድፉን በጣቱ መታ መታ አደረገና ቀጥ አድርጊው አላት። ቁማርተኛ ገደ ቢስ ነገር ይፈራል፣ በሚወድቅ ግንብ ማን ይወራረዳል አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ታስብበት ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

"አባትሽ ያበላሸውን አንቺ አቅኚው።"

ታላቅ እህቷ ነገሩን ስትሰማ፣ ምን ቸገረሽ፣ አንድ መስመር ማቅናት እጅ አይቆርጥ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ ብላ መከረቻት። ክፉ አስባ አልነበረም። ቀራጯ ግን በማግስቱ ናሱን ማሰሪያው ላይ አጥብቃ ግንቡን እንዳዘመመ ቀረጸችው። ከሥሩም መንገዱን፣ የበሩን ደረጃና የመብራቱን ምሰሶ ጨመረች። ስትቀርጽ መሣሪያ የያዘው እጇ አይዞርም፤ የሚዞረው ክቡ ናስ ነው። እንዲሁ እያዞረች ሳለ ድንገት ቆመች። ናሱን ትንሽ መለሰችው፣ እንደገና አዞረችው፣ ከዚያ ብቻዋን ሳቀች።

ባለ ሆቴሉ በፎርማው የታተመውን ናሙና ቺፕ ሊያይ የመጣ ዕለት አባቷን ጠርታ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠቻቸው። ሰውዬው ቺፑን ገና ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

"ቀጥ አድርጊው አላልኩሽም?"

"ክብ እኮ ነው ጋሼ፤ ላይና ታች የለውም። ያዙሩት፣ ይቆማል።"

አዞረው። እውነትም ግንቡ ቀጥ አለ፤ ሰውዬውም ፈገግ ለማለት ምንም አልቀረው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ግንቡ እንደ ዘብ ቆሟል፣ መንገዱ ግን ቁልቁል ተንጋዷል፣ ደረጃው ተንሸራቷል፣ የመብራቱ ምሰሶ ሊወድቅ ነው። ቶሎ ብሎ ሲመልሰው መንገዱ ተስተካከለና ግንቡ አዘመመ። ሁለቱን አንድ ላይ ማቅናት አቃተው።

ሽማግሌው ተነስተው ቺፑን ከእጁ ወሰዱ። ድሮ የቱምቢ ገመድ ጥለው ግድግዳ እንደሚለኩበት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ቀስ ብለው አዞሩት።

"ታዲያ የሰከረው ማን ነው፣ ልጄ?" አሉት ባለ ሆቴሉን።

ሰውዬው ወደ ቀራጯ ዞረ። ወይ ግንቡ ይቀየራል ወይ ሥራው በሙሉ ይቀራል አለ። ቀራጯ የለፋችበት ሁሉ ቆጫት፤ ድልድዩን በተለይ ትወደው ነበር። ቢሆንም አልተለማመጠችውም። ሥራው ይቅር አለች። ከቺፑ ላይ ቢያጠፉትም ከአደባባዩ አያጠፉትም፣ ልብ ካለዎት እሱን ሄደው ያቅኑት አለችው። በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

አባቷ ቺፑን ኪሳቸው ከተቱና ከዘራቸውን አነሱ። ወዴት ነው ብትላቸው ዳቦ ልገዛ አሉ። እሷም እንደ ልማዷ ወደ ዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ የሚያወጣውን የጓሮ በር ከፈተችላቸው።

"እሱን ዝጊው" አሉ። "በሰካራሙ በኩል ነው የምሄደው።"