ንፍገት እንደ ማን?

«ስንፍና!» አለች መምህርቷ።

«ልግመት፣ ሃኬት!» ብላ መለሰች ፍንጭት፣ መድረኩ ላይ እንደ ችካል ቀጥ ብላ ቆማ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ግን ማጨብጨቡ አልበቃውም። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ግራና ቀኙን ቃኘ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ያላወቀ ካለ ይወቅ ነው ነገሩ። አጠገቡ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ ጎተተችው።

«ቁጭ በል አንተ! ልጅቷን ታስደነግጣታለህ።»

«እቴቴ፣ ሰማሽ? ሃኬት አለች እኮ! እኔ እንኳ ይሄን ቃል የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለች፤ እሷም ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

የወላጆች ቀን ነበር። መምህርቷ አንድ ረቂቅ ስም ትጠራለች፣ ልጆቹ ተመሳሳዮቹን ይናገራሉ፣ የተሳሳተ ይወርዳል። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ መድረኩ ላይ የቀሩት ፍንጭትና አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ብቻ ነበሩ። የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው የበቀሉ በመሆናቸው ፍንጭት እያሉ የሚጠሯት ይህቺው ልጅ፣ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ቃል እንኳ አይያዝላትም ነበር። «ጠረጴዛን አየዋለሁ፤ ትዕቢትን ግን የት ልየው?» ብላ ታለቅስ ነበር።

አባቷ ደግሞ ለጨዋታ ማን ብሎት! ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር እየቆረጠ የሰው ወሬ የሚቀምም ሰው ነው። «ትዕቢትን ማየት ከፈለግሽማ ባለ ፎቁን ጎረቤታችንን እዪው» አላትና ደረቱን ነፍቶ ሳሎኑን ዞረላት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች፤ ቃሉም ተያዘላት። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሰውና አንድ ምልክት ተመደበለት። ስንፍና ሲባል የሰፈሩ ጥበቃ ነው፤ አባት ራሱን ዘመም አድርጎ ያንኮራፋል። ቁጣ ሲባል የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ናት፤ ወገቡን ይይዛል። ንፍገት ላይ ሲደርሱ ሩቅ አልሄደም። ግራ መዳፉን ዘረጋና በቀኝ እጁ ለሁለት ቆረጠው፤ «እንደ አክስትሽ፣ ሳሙና ለሁለት እንደምትቆርጠው» አላት። ሚስቱ ከኩሽና ሆና «ተው አንተ ሰው፣ ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ጉድ ትሠራሃለች» ብላው ነበር። ማን ሰምቷት!

መነጽራሙ ልጅ ተሳስቶ ወረደ። አሁን አንድ ቃል ከመለሰች አሸናፊዋ ፍንጭት ናት።

«ንፍገት!» አለች መምህርቷ።

ፍንጭት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዓይኖቿ ከመድረኩ ላይ ሆነው አባቷን ፈለጉ። አባትም አጠገቡ ማን እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ሁሉንም ረሳ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ወጣ ብሎ ግራ መዳፉን ዘረጋና በቀኝ እጁ ለሁለት ቆረጠው።

የልጅቷ ፊት በራ።

«ቆንቋናነት፣ ገብጋባነት!» ብላ ጮኸች። «እንደ አክስቴ! ሳሙና ለሁለት እንደምትቆርጠው!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መምህርቷ ራሷ አፏን በእጇ ይዛ ፊቷን አዞረች። የሰፈር ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ልብስ ሰፊ አክስቷን አብዛኛው ያውቃታል፤ ያላወቀም ጎረቤቱን እየጠየቀ አወቀ። አባት እጁ አየር ላይ እንደቀረ ቀስ ብሎ ዞረ። እህቱ የምታየው መድረኩን አልነበረም። የእሱን እጆች ነበር።

ያኔ ነው መሬት ተከፍታ ብትውጠው የተመኘው። እጆቹን ከጉልበቶቹ መሃል ሸጎጣቸው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ታይተዋል።

እሷ ግን አጨበጨበች። እስኪበቃት አጨበጨበችና ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች።

«ጎበዝ ናት ልጅቷ። በል ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ሱቋን በሥራ ቀን ዘግታ አታውቅም፤ የዘጋችው ለፍንጭት ብላ ነው። ፍንጭት የለበሰችውን ባለ ሽንሽን ቀሚስም የሰፋችው እሷ ናት፣ ከራሷ ጨርቅ ቆርጣ፣ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በካውያ ተኩሳ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፍንጭት የተሸለመችውን የቀለም እርሳስ አቅፋ ትዘል ነበር። መሃል መንገድ ላይ መዝለሏን ተወች።

«አባዬ፣ አክስቴ ለምን ሳትስመኝ ሄደች?»

«ሥራ በዝቶባት ነው።»

«ተቆጣች እንዴ?»

«ኧረ! ስታጨበጭብ አላየሽም?»

ለልጁ መዋሸቱ ደግሞ ሌላ ኀፍረት ሆነበት። ምን ይበላት እንግዲህ? አክስትሽን ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አፌ ብቻ ነበርሽ ይበላት? እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ይህቺው እህቱ ናት። ሙያ ያስተማረችው፣ ከሱቋ ግማሹን ለቃ ወንበርና መስታወት ያስገባችለት እሷ ናት። በእሷ ፊት ከቀለለ በማን ፊት ሊከብድ ነው? ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም።

በማግስቱ አርፍዶ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ሱቅ ሲገባ እህቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ሱቁ አንድ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ በኩል እሷ ትሰፋለች፣ በጓዳው በኩል እሱ ፀጉር ይቆርጣል። በእሱ በኩል ያለው አምፖል በጠራራ ፀሐይ በርቷል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ እሷ እያለች አምፖል የሚበራው ሲመሽ ብቻ ነው። ወደ እጅ መታጠቢያው ሲዞር ደግሞ ልቡ ድንግጥ አለ። ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አዲስ ሳሙና ተቀምጧል፤ ሙሉውን፣ ጫፉ እንኳ ሳይነካ።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«እቴቴ...» አለ።

«አቤት።»

«ትናንትና እኮ...»

«ትናንትና ምን? ልጅህ አሸነፈች፣ እሰየው ነው።» መኪናዋን በእግሯ መታችው፤ ድምፁ የቀረውን ነገር ዋጠበት።

ለወትሮው ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው፣ ይቅርታ የምትባለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ የታክሲ ሾፌሩ ደንበኛው ገባ። ሾፌሩ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት ስለምትማር ትናንት አዳራሹ ውስጥ ነበረ። እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደና ሳሙናውን ሲያይ ቆመ።

«ኧረ እትዬ! ዛሬማ ሙሉ ሳሙና? ምን ተገኘ?» ብሎ ሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ። ከልማድ አመለጠው፤ ሲስቅ ራሱን ሰማና ፊቱ እሳት ሆነ።

እህቱ ቀና አላለችም። «ታጠብ ልጄ፣ አትሳቀቅ። ዛሬ አልቆረጥኩትም» አለች።

ሾፌሩ እጁን ታጠበ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ ቶንዶሱ መጮህ ጀመረ። ሁለት ወንድማማች የሚመስሉ ጎረምሶችም ተራቸውን ለመጠበቅ ገብተው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ ፍንጭት ከትምህርት ቤት መጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀጥታ አክስቷ ጉያ ትገባ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ አንዴ ቆመች፣ ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ትናንት ማታ ነገሩን ነግራታለች መሰለኝ፣ ፊቷ የትልቅ ሰው ፊት ሆኗል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር በዚያው አዳራሽ ልትወዳደር ስለሆነ ቃላቱን በለሆሳስ መከለስ ጀመረች።

«ትዕቢት፣ ኩራት፣ እብሪት። ስንፍና፣ ልግመት፣ ሃኬት። ንፍገት...»

ቆመች። መጀመሪያ አክስቷን፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«አባዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄን በማን ልያዘው? እማዬ በአክስቴ አይሆንም ብላለች።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጎረምሶቹ ተያዩ። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩን ያየው ጀመር፤ ጨዋታ የለመደ ጆሮ ጨዋታ ይጠብቃል። አንድ ቀልድ ቢጤ ጣል ቢያደርግ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ ቀልዱም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ቶንዶሱን አጠፋውና አስቀመጠው።

«በእኔ ያዢው» አላት።

«በአንተ? አንተ ደግሞ ምን ሰስተህ ታውቃለህ?»

«ሰስቻለሁ እንጂ።» ወደ ልጁ ዞረ። «እኔ ያንቺን ያህል ሳለሁ አክስትሽ ሳሙና ለሁለት ትቆርጥ ነበር። በአንዱ ግማሽ እኔን ታጥበኛለች፣ በሌላው የትምህርት ቤት ልብሴን። እሷ በባዶ ውኃ ነበር የምትታጠበው። የእጇን ልማድ ነው እስከ ዛሬ ያልተወችው። እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቅኩ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኳትም። ይባስ ብዬ መሳቂያ አደረግኳት። ቃል ነው የነፈግኳት። ከዚህ የባሰ ቆንቋና የት ታገኛለሽ?»

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ ነጩን ጨርቅ ማየት ጀመረ።

ፍንጭት አሰበች። ልጅ ናትና፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማወቅ ፈለገች።

«ከተጠየቅኩ... መድረክ ላይም እንደ አባቴ ልበል?»

አዳራሹ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሳቅ።

«መድረክ ላይም በዪ። ጮክ ብለሽ። አክስትሽ አጠገቤ ትቀመጣለች... ከመጣች።»

ወደ እህቱ ለመዞር አልደፈረም። ቶንዶሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ማበጠሪያውን ያዘ። ከኋላው የስፌት መኪናው ዝም እንዳለ ነው። ከዚያ አንዴ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ።

«አንተ» አለች እህቱ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል።

«አቤት፣ እቴቴ።»

«ያን መብራት አጥፋው። ፀሐይ እያለ ምን ያቃጥለዋል?»

እጁን ሰድዶ አጠፋው።