ስም በሚለው ዓምድ ሥር

፩

ተራ ቁጥር፦ ፲፪
ስም፦ ኢንጃ
ጾታ፦ ሴት
ዕድሜ፦ ዘጠኝ ገደማ
አገር፦ ሐበሻ
ሁኔታ፦ ነጻ ወጥታለች

፪

የመጨረሻውን መስመር እስቲ እንደገና አንብቡት። ነጻ ወጥታለች ይላል።

የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ ቀለሙም አልደበዘዘም። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ ይዞ፣ ከሆዷ ውስጥ የታጨቁትን ልጆች አውጥቶ፣ የመን ኤደን ወደብ ላይ አሰልፎ አስመዘገባቸው። ልጆቹን ከየመንደራቸው ፈንግሎ የሸጣቸው ግን የእኛው ሰው ነው። ይህን ደብቄ ታሪኩን አላሳምረውም።

፫

የሻረግ ለንደን ውስጥ በፍርድ ቤትና በሆስፒታል አስተርጓሚ ናት። አንድ ሕግ አላት፦ የተባለውን ማለት። አትጨምርም፣ አትቀንስም። ዳኛ ፊት ሰው ሲሳደብ ስድቡን እንዳለ ታቀብላለች። ባልደረቦቿ ምላሷ ምሕረት የለውም ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ምሕረት የእኔ ሥራ አይደለም ባይ ናት።

ያን ማክሰኞ ይህ መዝገብ ወደሚገኝበት መዝገብ ቤት የጠሯት ግን ዳኛ አይደሉም። ወይዘሮ ናዲራ ኢንጃ የሚባሉ፣ ኤደን ተወልደው ለንደን ያረጁ ሴት ናቸው።

፬

ጉዳያቸው ይህ ነው። ተራ ቁጥር ፲፪ አያታቸው ናት። ስሟ የቤተሰቡ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ኢንጃ የተራራ ስም ነው የሚል ዘመድ አለ፤ የለም፣ የንጉሥ ልጅ ስለነበረች ነው የሚልም አልጠፋም። አሁን የልጅ ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗንም ኢንጃ ሊሏት ነው። እናትየው ግን ትርጉሙን ሳላውቅ ፎርሙ ላይ አልጽፍም ብላ ድርቅ ብላለች። ስም ለማስመዝገብ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።

«ልጄ፣ አንቺ የአገሯ ሰው ነሽ» አሏት በእንግሊዝኛ። «ስሟ ምን ማለት ነው?»

፭

የሻረግ መዝገቡ ላይ አጎነበሰች። ኢንጃ የሚባል ስም ሰምታ አታውቅም፤ ተራራውንም አታውቀው። ግራ ሲገባት ዓይኗን አንድ መስመር ወደ ላይ አነሳች።

ተራ ቁጥር፦ ፲፩
ስም፦ ሚናሌ
ጾታ፦ ሴት
ዕድሜ፦ አሥር ገደማ

ምናለ ለማለት ይሆን? ምናለ እኮ የወንድ ስም ነው። ሴት ልጁን ምናለ ብሎ የሚጠራ ወላጅ ከየት መጣ? ሁለቱን ስሞች ተራ በተራ፣ እንደተጻፉት ሳይሆን ሰው እንደሚናገራቸው አድርጋ፣ በለሆሳስ አለቻቸው።

፮

ጸሐፊው፦ (በዐረብኛ አስተርጓሚ በኩል) ስምሽ ማነው?

አንደኛዋ ልጅ፦ (ዐረብኛ አታውቅም፤ ወደ ጓደኛዋ ዞራ) ምን አለ?

ጓደኛዋ፦ እንጃ።

፯

እንጃ።

፰

የሻረግ አሁን ገባት። የተመዘገበው ስም አይደለም፤ የፈሩ የሁለት ሕፃናት ሹክሹክታ ነው። ወይዘሮ ናዲራ ተራራ ፍለጋ መጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። ተራራ ነው ብላ ብትገላገልስ? ማን ያውቅባታል? አላስቻላትም። ልማድ ሆኖባት የተባለውን አለች፤ በእንግሊዝኛ።

«አላውቅም።»

ወይዘሮ ናዲራ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያው ማንን ልጠይቅ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጸሐፊው መልሱን ስም አድርጎ ጻፈው። ወይዘሮ ናዲራ ደግሞ ትርጉሙን መልስ አድርገው ሰሙት። በዚያ ወደብ የሆነው እዚህ ጠረጴዛ ላይም ሆነ፤ ያውም በየሻረግ አፍ።

፱

«አይ፣ እማማ» አለች። «ተርጉሜልዎት ነው። ቃሉ ራሱ አላውቅም ማለት ነው። ጓደኛዋ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት፤ እሷም እንጃ አለቻት። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ ስም መስሎት ጻፈው። የጓደኛዋንም ጥያቄ ሚናሌ ብሎ ጽፎታል።»

ወይዘሮ ናዲራ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የሻረግ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ቀደሟት።

«ሚናሌን አውቃታለሁ።»

፲

ጎረቤታቸው ነበረች። ኤደን ውስጥ አንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት አሮጊቶች። አያታቸው ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥታ «ሚናሌ!» ብላ ስትጣራ፣ ከወዲያ ማዶ «ኢንጃ!» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። በየቀኑ። ቤተሰቡ እርጅና ነው እያለ ይተዋቸው ነበር። ትንሿ ናዲራ አንድ ቀን ምን ያስቃችኋል ብትላቸው፣ ጭራሽ መቀመጥ እስኪያቅታቸው ሳቁ።

«ለብቻቸው ሲሆኑ ግን» አሉ ወይዘሮ ናዲራ፣ «በሌላ ስም ነበር የሚጠራሩት። ቀስ ብለው። እኔ ስጠጋ ያቆማሉ።»

«ስሙን አልሰሙትም?»

«አልሰማሁትም።»

ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር፤ እየሳቁም ነበር። ጣታቸውን ከመዝገቡ ላይ ሳያነሱ፣ አንዴ ተራ ቁጥር ፲፩ን፣ አንዴ ተራ ቁጥር ፲፪ን ይነካሉ። የሻረግም አብራቸው ትነካ ጀመር።

ስልካቸው ነዘረ። የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፎርሙን ፊቷ ዘርግታ ትጠብቃለች። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምጿ ለየሻረግም ይሰማል። አስተርጓሚዋን አገኘሻት ወይ ብላ ጠየቀች፤ አዎ አሏት።

፲፩

«እና ምን አለች?»

፲፪

ወይዘሮ ናዲራ ጣታቸውን ተራ ቁጥር ፲፪ ላይ አሳርፈው፣ የሻረግን ቀና ብለው አዩዋትና መለሱ፦

«                              »