ጥቁሩ ብይ

የማኅበሩ ፓስተር አድርገው የመረጡኝ ስለማልጠጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መጠጣት ስጀምር ግን ከሹመቱ ያወረደኝ የለም። በኮሌጃችን ያሉት የወንድማማች ማኅበራት፣ አባሎቻቸውን በድምፅ መርጠው በአንድ ቤት የሚያኖሩት የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ፓስተር አላቸው። ሰኞ ከሰዓት ስብሰባውን በጸሎት ይከፍታል፤ አዲስ ገቢዎችን እጃቸውን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስጭኖ ያስምላል። የቀረውን ጊዜ እንደ ማንም ነው።

ቅዳሜ የኮሌጁ የኳስ ጨዋታ ሲኖር ከረፋዱ ጀምሮ ጠጥቼ ሣሩ ላይ ተኝቼ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ ለእናቴ ልነግራት የማልችለውን ዘፈን እዘፍን ነበር። እሑድ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነድቼ ያደግሁባት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ልጆች አስተምራለሁ። ሁለቱን ቀናት ማስታረቅ አልከበደኝም። እንዳይገናኙ መጠንቀቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የዱዊ ልጅ ሆሊስ እኛ ኮሌጅ ሲገባ ችግር መጣ። እሑድ እሑድ አብረን ነው የምናስተምረው።

«ማኅበራችሁ ልገባ ነው» አለኝ። «አባዬ እንቢ ብሎ ነበር። ክሌይተን እዚያ ገብቶ እምነቱን ከጠበቀ እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ያንተን ስም ጠራሁለት፣ እሺ አለ።»

«ጥሩ ነዋ» አልኩ።

ወንድሞች ወደዱት። አንድ ቀን ዓሣ ጠብሶ ቤቱን ሙሉ አበላ፤ ሊቀመንበራችን ብራንት ሦስት ጊዜ ጨምሮ «ይሄን ልጅ ባናስገባው እኔው ራሴ እወጣለሁ» እያለ ጣቱን ላሰ።

በድምፅ መስጫው ቀን የእንጨቱ ሳጥን ዞረ። እያንዳንዱ እጁን ከቶ ነጭ ወይ ጥቁር ብይ ይጥላል፤ አንድ ጥቁር ከተገኘ እጩው ወደቀ ማለት ነው። ማን ምን እንደጣለ መናገር መሐላ ማፍረስ ነው፤ መሐላ ያፈረሰ ዓርማውን አስረክቦ ይወጣል። ያንን መሐላ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያስማልኳቸው እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ሲከፈት ሠላሳ ሰባት ነጭ፣ አንድ ጥቁር ተገኘ።

«የትኛው ደደብ ነው?» አለ ብራንት። ወዲያው እጁን አነሣ። «ተዉት፣ አልጠየቅኩም። ፓስተር፣ ያንተ ሰው ነው፤ አንተው ንገረው።»

እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ወንበር እየደራረብን ነገርኩት። ሆሊስ አንዱን ወንበር እንደያዘ ቆመ።

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ታውቀዋለህ?»

«መናገር አይፈቀድም።»

«አትንገረኝ። ስሙን ካወቅሁ እጠላዋለሁ። ና፣ እንጸልይለት።» እጄን ያዘ። «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ልጅ ሳላውቅ አስቀይሜው ይሆናል። ይቅር በለኝ። እሱንም ባርከው።»

የምችለውን ያህል ቻልኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሰበብ እየፈለገልኝ ነበር።

«ለእኔ አስበህ ነው አይደል? ቤቱ እንዳያበላሸኝ?»

ይህችን ሰበብ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጃት ነበር የከረምኩት። አዎ ብዬ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

«አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳታየኝ ነው።»

እጄን ለቀቀ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ደራረባቸው፤ እኔ ቆሜ አየሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ነገ ስብሰባውን በጸሎት የምትከፍተው አንተ ነህ?» አለኝ በሩ ጋ ሲደርስ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ለእኔም ጸልይልኝ። ስሜን ጠርተህ፣ እነሱ እየሰሙ።»

ሰኞ ሁሉም ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላ አንዱ «አሳጥረው፣ ፓስተር፣ ርቦናል» አለና ሳቁ። ደረቴ ላይ የማኅበሩ ዓርማ ነበር፤ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይናቸውን ስለጨፈኑ ያየኝ አልነበረም።

«ጌታ ሆይ፣ ስለ ሆሊስ እለምንሃለሁ» አልኩ። «ጥቁሩን ብይ የጣልኩበት እኔ ነኝ።»

ብራንት ዓይኑን ገለጠ።