ልጃገረዲቱ የተዛወረችበት ወንበር

በዚያ ሰፈር ከሰው ይልቅ መናፍስት ይበዛሉ ቢባል ማጋነን አይደለም። በየዛፉ አንዲት ልጃገረድ፣ በየምንጩ አንዲት ሙሽራ፣ በየነፋሱ አንድ ጎረምሳ አለ። ኮረብታው ላይ ደግሞ የፍየል እግር ያለው ዋሽንት ነፊ ይኖራል ይባላል። ሥራ ግን አንዳቸውም የላቸውም። ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ያድራል፤ እነሱ ይቀየማሉ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ጥላ ታልፍ ነበር። ያሁኑ ግን እቤቷ ድረስ መጣባት። አራስ ልጇ ከሕፃኑ ጋር የተኛችበትን ክፍል ጣሪያ አንድ ያረጀ ዛፍ ተንተርሶታል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንቋቋ አራሷ ሕፃኑን ታቅፋ ከአልጋዋ ትወርዳለች። ዛፉ መቆረጥ ነበረበት። በዚያ ሰፈር ግን ዛፉ ውስጥ የምታድረው ልጃገረድ «እሺ፣ ወደ ሌላ እንጨት እዛወራለሁ» ሳትል መጥረቢያ የሚያነሳ የለም። ቃሏን የሚሰማላት ደግሞ አፈ ዛፍ የሚሉት ሰው ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤቷም ጭምር።

ሹመቱን ያገኘው በልጅነቱ እርጥብ ቅጠል አናቱ ላይ ስላረፈ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ቅጠል ያረፈበትን ልጃገረዲቱ መርጣዋለች። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን ግንድ ላይ ለጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እህቱን ከጠየቃችሁ የሚሰማው የጉንዳን ኮቴ ነው። ደግሞ የባለ ፎቁ ዛፍ ልጃገረድ ሁሌ እሺ ባይ ናት፤ የድሃው ግን ግትር። የእህቱ ዛፍ ጥላም፣ አይ መገጣጠም፣ እሱ ባለጉዳይ የሚቀበልበት ትልቁ የእንጨት ወንበር ላይ ነው የሚያርፈው።

«አልፈቀደችም፣ እህት ዓለም። ምን ላድርግ?» አላት እንደገና።

«ፀሐይ እንዳይመታህ ነው እንጂ፣ ጋሼ! ልጄ ላይ ቢወድቅስ?»

«ተይ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማኝ! ጆሮ ካላት እኔው እነግራታለሁ፤ አንተ መሃል ላይ ምን ትሠራለህ?»

ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይባላል። እዚህ ግን ዛፉ ሞልቶ ወንድሟ፣ እምቧጮው፣ ነገሠ።

አንድ ጠዋት ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ቆርቆሮውን በስቶ ገባ። ያረፈው ከሕፃኑ ራስ አንድ ክንድ ርቆ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልጇንና ሕፃኑን ካወጣች በኋላ፣ አቧራና ቅጠል እንደለበሰች ወንድሟ ፊት ቆመች። ባለጉዳዮቹ ከበውታል፤ ዛፍ ቆራጩም አለ። አናቷ ላይ የተጣበቀውን እርጥብ ቅጠል ሁሉም አዩት።

«አናገረችኝ!» አለች። «እዛወራለሁ አለች።»

«ወዴት?» አለ ዛፍ ቆራጩ።

«ወደ ጋሼ ወንበር።»

አፈ ዛፍ እሳት እንደነካው ሰው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ልጃገረድ ያደረችበት እንጨት ላይ አይቀመጡም። ዋሸች እንዳይል፣ የእሷ ቅጠል ከዋሸ የእሱም ዋሽቷል።

ዛፉ በዚያው ቀን ተቆረጠ። ውስጡ በስብሶ ዱቄት ሆኗል። «አያችሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አየን፤ እሷ ስትወጣ ባዶውን ቀረ» አሏት ጎረቤቶቿ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነውና ተወቻቸው።

ከዚያ በኋላ አፈ ዛፍ ፀሐይ ላይ፣ ከወንበሩ ጎን ቆሞ ባለጉዳይ ያስተናግድ ጀመር። ጉልበቱን ያመዋል። እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና እያለች በመስኮት ታየዋለች፤ «እሰይ፣ ቁም!» ትላለች በልቧ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ መስኮቷ መጣ። የምትለውን አዘጋጅታ ጠበቀችው።

«እህቴ፣ ድምጿ ምን ይመስላል?» አላት።

ልትስቅ ስትል ፊቱን አየች። ቀልድ አልነበረም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ እስከዚያው ለሰው የመሰለኝን እላለሁ። አንቺን ግን በአንዲት ቅጠል…» ዐይኑ እንባ አቀረረ።

ልብስ ሰፊዋ ምላሷ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጠችው። አፈረች፤ በማፈሯም ተናደደች።

«ትንሽ ታጉረመርማለች» አለችው። «እንደ እናታችን።»

«ስለ እኔስ ያለችው ነገር አለ?»

«ጉልበቱን ያመዋል፣ ይቀመጥ ብላለች።»

አፈ ዛፍ ሄዶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ለልጃገረዲቱ ቦታ ትቶ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።