አስር ሜትር ለዳማው

ደብዳቤውን ያመጣችው ናርዶስ የምትባል የጤና ባለሙያ ናት። ለከተማችን ለቆሰበር አዲስ ናት መሰለኝ፣ ጫማዋ ከጭቃችን ጋር ገና አልተዋወቀም። ደጃፌ ላይ ቆማ አነበበችልኝ። የፈረስ ጋጣ ከማንኛውም መኖሪያ ቤት አስር ሜትር ይራቅ፣ ወለሉ ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ፋንድያው በየቀኑ ይጠረግ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይህ ካልተሟላ ፈረሱ ከከተማ ይወጣል።

«ማን ነው የከሰሰኝ?» አልኳት።

«ክስ አይደለም እማማ፣ አቤቱታ ነው።»

«ስሜነሽ ናታ!»

ደብዳቤውን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ብትናገርም ባትናገርም አውቀዋለሁ። ጋጣዬ ያለው ጓሮ ነው፤ ከስሜነሽ ቤት የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ያን ቀን በሷ ላይ ያላወረድኩት እርግማን የለም። በነጋታው ፊት ለፊት ልሰድባት አጥሩ ጋ ብሄድ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልጁ ዓይን ላይ ዝንብ ሰፍሯል። በነጠላዋ ጫፍ እሽ ትላለች፣ ዝንቡ ተመልሶ ይመጣል። ስድቤን ዋጥኩት። እውነቷን ነው፣ ምን ልበል?

እውነቷን ነው ማለት ግን ዳማውን እሰጣለሁ ማለት አይደለም። ዳማው የባለቤቴ የይኸነው ፈረስ ነው። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ በዓል፣ ፈረሰኞቹ ሲሰለፉ ሰው ሁሉ የሚያየው ይኸነውንና ዳማውን ነበር። ይኸነው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እጄን ይዞ «ዳማውን ጋሪ እንዳታስጎትቺው፣ አደራ» አለኝ። ስለ እኔ ለማንም አደራ አላለም፣ የተባረከ! ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ።

ወሬ መቼም እግር አለው፣ አንድ የዳንግላ ባለጋሪ ደጄ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ሳያስወጡብዎት ለእኔ ይሽጡልኝ» አለና የዳማውን ጥርስ ሊያይ እጁን ዘረጋ።

«ውጣልኝ!» አልኩት። ገጠር፣ ዘንገና ላሉት ለይኸነው ዘመዶች እንዳልሰጠው ለራሳቸው ከብትም ሳር አጥሯቸዋል። ስለዚህ እዚሁ፣ በሕጉ መሠረት ይኖራል አልኩ።

ገመድ ገዛሁ። ጨርቅ ነጋዴው በሜትሩ እየለካ በየሜትሩ ቋጠሮ አሰረልኝ። ግቢዬ እንደ መቀነት ጠባብና ረጅም ነው። ጋጣውን ወደ መሃል ባመጣው ከስሜነሽ ቤት ይርቅና ከራሴ ቤት ይጣበቃል። ወደ ኋላ ብመልሰው ስሜነሽ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ስጎትት ዋልኩ፤ መንገደኛው አብዳለች ሳይል አልቀረም። በሦስተኛው ቀን ወገቤ ቁርጥ ሲል ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤቴ መንገዱ ዳር ነው፣ በጎኑም በፊቱም ሰው አይኖርም። ገመዱን ከቤቴ እስከ ጋጣው ዘረጋሁት። አስራ ሁለት ቋጠሮ! ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ።

እኔ ወደ ጋጣው፣ ዳማው ወደ ቤቴ። በቃ!

አልጋዬን አወጣሁ፣ ሳጥኔን አወጣሁ። ለዳማው ድንጋይ አነጠፍኩለት፣ ቦይ ቀደድኩለት፣ ለፋንድያው ክዳን ያለው ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ጋጣውን ጠራርጌ ግድግዳውን በጭቃ መረግሁና ገባሁበት። ስሜነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ትውላለች። አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

በሠላሳኛው ቀን ናርዶስ ሜትሯን ይዛ መጣች። ዳማው ሳሎን ቆሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ከበላዩ የይኸነው ፎቶ እንደተሰቀለ ነው። ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ መለካት ጀመረች። ወለሉን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ጻፈች።

«ሁሉም ተሟልቷል እማማ። የእርስዎ ቤትስ የታል?»

«ያውና።»

ጎንበስ ብላ ገባች። አልጋዬ ጭቃው ላይ ቆሟል፤ የቆሰበር ብርድ በቀርከሃው በር ይገባል።

«እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ምነው፣ ሕጉ ይከለክላል?»

ወረቀቶቿን አገላበጠች። ስለ ፈረሱ ወለል ተጽፏል፣ ስለ ፈረሱ አየር ተጽፏል፣ ስለሚጠጣው ውሃ እንኳ ተጽፏል።

«ስለ እርስዎ ግን…» አለችና የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠች።

«እንግዲያውስ ፈርሚ!»

ፈረመች። ሸኝቻት ስመለስ ስሜነሽ ከአጥሩ ቀርከሃ ነቅላ፣ ልጇን አዝላ ጋጣው በር ላይ ቆማለች። የልጁ ዓይን ጠርቷል። ልትጣላኝ የመጣች መስሎኝ ወገቤን ያዝኩ።

«እትዬ ወርቅአየሁ» አለች፤ «ፈረሱ ይራቅልኝ አልኩ እንጂ እርስዎ እዚህ ይተኙ መች አልኩ? ይበርድዎታል እኮ!»

ይኸነው ከሞተ ወዲህ ስለ ዳማው ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ይበርድሻል ያለኝ ግን አልነበረም። እዚያው በሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁና የተረፈውን የዳማውን ድንጋይ አሳየኋት።

«ልጁን ወዲህ በይ» አልኳት፤ «አንቺ ድንጋዩን ከአልጋው በኩል ማንጠፍ ጀምሪ።»