የተሰፋው ኪስ

«ዛሬም ከቀረ በቃ ተይው፣ እማ» አለች ሰሚሐ፣ የእናቷን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች።

ሐሊማ ዓይኗን ከለቅሶው ድንኳን በር አልነቀለችም። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሲመሽ ድንኳኑ ይፈርሳል። ባሏ ኢስሀቅ ሲቀበር «በድሏችሁ ከሆነ አውፍ በሉት» ተብሎ ሰፈርተኛው ሁሉ ይቅር ብሎታል። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ከጣና ማዶ ሰው የሚያመላልሰው የደልጊው ጀልበኛ አለበል። ሐሊማን ከሞቱ ይልቅ የቆረቆራት ይኸው ነበር። ለሞቱማ አልሐምዱሊላህ ብላለች፤ አራት ዓመት የተሠቃየ ሰው አረፈ።

ኢስሀቅ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያውም ቀልደኛ። ቦርጫም ደንበኛ ሲመጣ «ሜትሬ አልበቃም፤ የጎረቤቴን ልበደር» ይላል። ኋላ ጥርጣሬ ገባው፤ ሻዩን ማሽተት፣ ከግድግዳ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረ። ጂን ነው ተባለ፤ ቁርአን ተቀራበት። የአእምሮ ሕመም ነው ተባለ፤ ኪኒን ዋጠ። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ፎቶ ያስነሣው ሐኪም «ብዙ የማይገኝ በሽታ ነው፤ አንጎሉን ራሱን እየበላው ነው» አላት።

ይህ ሳይታወቅ ነው እንግዲህ አለበልን ያስቀየመው። የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን «በኪስህ መርዝ ይዘሃል» ብሎ ሰው ፊት አዋረደው። ለጥገና የሰጠውንም ኮት ሁለቱን ኪሶች ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶ ወረወረለት። አለበል ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጠም። ሐሊማም አፍራ አልደወለችለትም።

በመጨረሻው ዓመት ኢስሀቅ ስሟንም ረሳው። የሻርፗን ጠርዝ ግን ይዳብስና «ሰፊው ጎበዝ ነው» ይላል። የሰፋው ራሱ ነበር። ትዝ ሲላት፣ ለቅሶ መቀመጧን ረስታ ፈገግ አለች።

አሥር ሰዓት ላይ አለበል ገባ። የለበሰው ያንኑ ኮት ነው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም።»

«አውፍ በልልኝ፣ አለበል። ታሞ ነው እንጂ...»

«የዚያኑ ዕለት ብየዋለሁ። ወደ ግድግዳው ሲሸሸኝ አይቻለሁ እኮ። የሚፈራው እኔን ከሆነ ልራቅለት አልሁ። ወሬውን ግን ከተሳፋሪው ሁሉ ስጠይቅ ነው የኖርሁ።»

መሐረብ ሊያወጣ ረስቶ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። መግቢያ አጥቶ በጨርቁ ላይ ተንሸራተተ።

«እስከ ዛሬ አልተረተርኸውም?»

«ኢስሀቅ የሰፋውን ማን ይተረትራል? ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልፌን ባንገቴ አንጠልጥዬ ነው የምዞር።»

ሐሊማ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ከኪሱ አንደኛው ጥግ ላይ ክሩ ላልቷል። ኮቱን አስወለቀችውና ሰሚሐን የአባቷን መርፌ አስመጣቻት። የላላውን ጥግ፣ በእሱ ስፌት ላይ፣ አጥብቃ ሰፋችው።